ኮንጀንክቲቫይተስ፦ የዓይን ልባስ ብግነት

የዓይናችንን ነጭ ክፍልና የቆባችንን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍን ስስ ሽፋን አለ። ሐኪሞች «ኮንጀንክቲቫ» ይሉታል፤ በአማርኛ «የዓይን ልባስ» ልንለው እንችላለን። ይህ ልባስ ሲቆጣና ሲቀላ ሕመሙ «ኮንጀንክቲቫይተስ»፣ ማለትም «የዓይን ልባስ ብግነት» ይባላል። ስሙ አንድ ቢሆንም መንስኤው ብዙ ነው፤ መድኃኒቱ የሚመረጠውም በመንስኤው ነው።

በባክቴሪያ የመጣው ወፍራም፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ የዓይን አር ያወጣል፤ ጠዋት ቆቦቹን ያጣብቃል። በቫይረስ የመጣው ውሃ መሳይ እንባ ያፈሳል፤ ብዙ ጊዜ ከጉንፋን ጋር ይመጣና በአብዛኛው በራሱ ጊዜ ይድናል። የአለርጂው ዋና ምልክት ማሳከክ ነው። የነፋስ ኃይል ማመንጫ በተተከለባት አዳማና እንደ መተሐራ ባሉ ቆላማ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች አቧራና ነፋስ ዓይን ያቀላሉ፤ ስለዚህ የቀላ ዓይን ሁሉ ባክቴሪያ ገብቶበታል ማለት አይደለም።

ክሎራምፌኒኮል፣ ጄንታማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ጠብታዎች፣ እንዲሁም «ቲቲሲ» የምንለው የቴትራሳይክሊን ቅባት የሚሠሩት በባክቴሪያ ላይ ነው። ለቫይረስም ሆነ ለአለርጂ አይረዱም፤ ያለ አግባብ ሲወሰዱም ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደርጋሉ።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ከተቀላቀለበት ጠብታ ነው። መቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ የዳኑ ይመስላል። ያለ ሐኪም ክትትል ሲቆይ ግን የዓይን ግፊትን ከፍ አድርጎ ግላኮማ፣ ሲበዛም የዓይን ሞራ ሊያስከትል ይችላል። የወንጂ ሸንኮራ አገዳ ቅጠል ወይም የአርሲ ነገሌ የስንዴ ገለባ ዓይኑን የወጋው ሰው ፈንገስ ሊይዘው ስለሚችል፣ ስቴሮይድ ቁስሉን ያባብስበታል።

ሐኪም ጠብታ ካዘዘ አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦

• እጅን በሳሙና መታጠብ፣ አሩን በንጹሕ ውሃና ጨርቅ መጥረግ።
• ራስን ወደ ኋላ አዘንብሎ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች መሳብና በተከፈተው ቦታ አንድ ጠብታ ማድረግ። አንድ ጠብታ ዓይን ከሚይዘው በላይ ስለሆነ መደራረብ ትርፍ የለውም።
• የጠርሙሱን ጫፍ ዓይንም ሆነ ሽፋሽፍት አለማስነካት።
• ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ በስሱ መጫን።
• ሌላ ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ መጠበቅ፤ ቅባት መጨረሻ ላይ ይደረጋል።
• ቢሻልም ሐኪሙ ያዘዘውን ቀን መጨረስ፤ ጠርሙስና ፎጣ ከሌላ ሰው ጋር አለመጋራት።
• ጠርሙሱ ከተከፈተ ከ4 ሳምንት በኋላ መጣል። በሙቀት ጊዜ መስኮት ላይ ወይም መኪና ውስጥ ማስቀመጥ መድኃኒቱን ያበላሸዋል።

ትራኮማም የዓይን ልባስን የሚያጠቃ የባክቴሪያ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005–2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት 40 በመቶ ገደማው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ለማኅበረሰቡ በዘመቻ የሚሰጠው በአፍ የሚወሰድ አዚትሮማይሲን ነው፤ ዕድሜያቸው ከ6 ወር በታች ለሆኑት ቲቲሲ ለ6 ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ ይቀባል። ፊትን መታጠብና ዝንብን መከላከልም የሕክምናው አካል ናቸው።

ብርቱ ሕመም፣ የእይታ መቀነስ፣ ብርሃን መፍራት ወይም በጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ ነጭ ነጥብ ካያችሁ፣ አራስ ልጅ ዓይኑ አር ካወጣ፣ በመቂና በዝዋይ የአትክልት እርሻዎች የሚረጨው ኬሚካል ዓይን ውስጥ ከገባ በቤት አትጠብቁ። ለኬሚካል ዓይኑን ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያም ሳትዘገዩ የዓይን ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ።