ስሎቱን ማን አስቀመጠው? የቤት ኮምፒውተር ከፍቶ የመጠገን ታሪክ

አስረኛ ክፍል እያለሁ ቤታችን የነበረው ያገለገለ ዴስክቶፕ አንድ ጠዋት አልነሳም አለ። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ከሳጥኑ ውስጥ ረዘም ያለ «ቢፕ» ድምፅ ትንሽ እያረፈ ይደጋገማል። ጥገና ቤት ወሰድነው፤ «ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ሌላ ግዙ» ተባልን። የሚገዛበት ብር ስላልነበረ ሳጥኑን ተሸክመን ተመለስን።

ማታ ላይ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የጎረቤታችን ልጅ መጣና ድምፁን ለጥቂት ሰከንዶች አዳመጠ። «ይሄ እኮ አልሞተም፣ እያወራ ነው» አለ። «ሚሞሪ አጣሁ ነው የሚለው።» ገመዱን ከግድግዳው ነቀለ፣ በካቻቢቴ የሳጥኑን ጎን ከፈተ፣ ራሙን አወጣ፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ አድርጎ ጠረጋቸውና «ቀጭ» እስኪል ድረስ መልሶ ገጠመው። አንድ አጭር ቢፕ ተሰማ። ስክሪኑ በራ።

ያኔ የገረመኝ ላጲሱ ነበር። ኢንጂነሪንግ ስማር ግን ነገርየው ቀላል ሆኖ አገኘሁት፦ ጥርሶቹ ላይ ቆሻሻ ሲይዝ ኤሌክትሪኩ በደንብ አያልፍም፣ ሲጠረግ ያልፋል። ዛሬ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ራሙ ለምን ሊነቀል ቻለ? ኮምፒውተሩስ ችግሩን ለምን ተናገረ? ሁለቱም በራሳቸው የመጡ አይደሉም። ሰዎች ተከራክረው የወሰኗቸው ነገሮች ናቸው፤ ውሳኔ ደግሞ ሊቀለበስ ይችላል። እስቲ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንየው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መቶ ጥርስ ያለው ማስገቢያ

ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በጥር 1975 እትሙ ሽፋን ላይ አልቴር 8800 የሚባል ማሽን ይዞ ወጣ። የሠራው አልበከርኪ ከተማ የነበረው ሚትስ የተባለ ትንሽ ድርጅት ነው፤ መሪው ኤድ ሮበርትስ ይባል ነበር። ማሽኑ ኪቦርድም ስክሪንም የለውም። ፊቱ ላይ ያሉት ማብሪያ ማጥፊያዎችና ትንንሽ መብራቶች ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ገዢዎች በቁርጥራጭ ተልኮላቸው በካውያ እየበየዱ ራሳቸው ይገጣጥሙት ነበር።

ሚሞሪው 256 ባይት ነበር። ይሄ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማየት፦ ዛሬ አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው አሠራር ሲቀመጥ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ አልቴር መያዝ የሚችለው 85 ፊደል ነው። ይህ አንቀጽ እንኳ አይበቃውም።

ግን ሮበርትስ ውስጡ እያንዳንዳቸው 100 ጥርስ ያላቸውን ማስገቢያዎች፣ ማለትም ስሎቶችን፣ ደርድሮ ነበር። ሲፒዩውም ሚሞሪውም ስሎት ላይ የሚሰኩ ካርዶች ናቸው። ሚትስ ራሱ የሸጠው የ4 ኪሎባይት ሚሞሪ ካርድ ችግር የበዛበት ሆነ። ፕሮሰሰር ቴክኖሎጂ የተባለ ጀማሪ ድርጅት በዚያው ስሎት የሚገባ የራሱን ካርድ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ፤ የእሱ ካርድ በደንብ ይሠራ ነበር። የማሽኑ ባለቤቶችም ማሽኑን ሳይጥሉ ካርዱን ብቻ ቀየሩ።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ካርድ ነቅሎ ሌላ መሰካት ማሻሻያ ብቻ አይደለም፤ ምርመራም ነው። ካርዱን ቀይራችሁ ማሽኑ ከሠራ ጥፋቱ ካርዱ ጋ ነበር። ካልሠራ ሌላ ቦታ ትፈልጋላችሁ። የጎረቤታችን ልጅ ያደረገውም ይህንኑ ነው። ክፍሎቹ ባይነጣጠሉ ኖሮ «የቱ ነው የተበላሸው?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ትርጉም አይኖረውም ነበር።

ሁለት ወይስ ስምንት?

በ1977 አፕል 2 ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ግን ሁለቱ ስቲቮች ተከራክረው ነበር። ስቲቭ ጆብስ ሁለት ስሎት ይበቃል ባይ ነበር፤ አንዱ ለፕሪንተር፣ አንዱ ለሞደም። ማሽኑን የነደፈው ስቲቭ ዎዝኒያክ ግን ስምንት ካልሆነ አይሆንም አለ። የተጠቃሚውን ፍላጎት ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም የሚል እምነት ነበረው። ስምንቱ አሸነፈ።

ትክክል ነበር? በ1978 አፕል የፍሎፒ ዲስክ ማጫወቻ አወጣ። እስከዚያ ድረስ ሰዎች ፕሮግራም የሚያስቀምጡት በቴፕ ካሴት ነበር። የዲስኩ መቆጣጠሪያ ካርድ የት ገባ? ከስምንቱ ስሎቶች አንዱ ላይ። ከአንድ ዓመት በፊት ኮምፒውተሩን የገዛ ሰው አዲስ መግዛት አላስፈለገውም፤ ክዳኑን አንስቶ ካርዱን መሰካት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

መመሪያውን ያሳተመው ግዙፍ

ነሐሴ 12 ቀን 1981 አይቢኤም ፒሲውን አስተዋወቀ። ፍሎሪዳ፣ ቦካ ራቶን ውስጥ በዶን ኤስትሪጅ የሚመራው ቡድን ማሽኑን የሠራው በአንድ ዓመት ገደማ ነው። ለመፍጠን ሲባል የሌሎች ኩባንያዎችን ዕቃ ተጠቀመ፤ ሲፒዩው ከኢንቴል፣ ሶፍትዌሩ ከማይክሮሶፍት። አምስት ስሎትም ነበረው።

ከሁሉ በላይ ግን አይቢኤም አንድ ወፍራም የቴክኒክ መመሪያ አሳትሞ ሸጠ። ውስጡ የማሽኑ የኤሌክትሪክ ንድፍ አለ። ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም፣ ባዮስ የሚባለው፣ ኮዱ በሙሉ ተዘርዝሯል። ባዮሱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ራሱን ይፈትሻል። ሁሉም ደህና ከሆነ አንድ አጭር ቢፕ ያሰማል። ችግር ካለ በቁጥር ይናገራል፤ ለምሳሌ 201 ማለት የሚሞሪ ችግር ነው። ከ201 ጋር የሚወጣው ተጨማሪ ቁጥር ደግሞ የትኛው ቺፕ እንደተበላሸ ይጠቁም ነበር። እኛ ቤት የተሰማው ቢፕ የዚህ ልማድ የልጅ ልጅ ነው።

ኮዱ ቢታተምም የቅጂ መብት ነበረው፤ ገልብጦ መጠቀም ወንጀል ነው። ኮምፓክ የተባለው አዲስ ኩባንያ ግን መላ አገኘ። አንድ ቡድን የአይቢኤምን ባዮስ አጥንቶ ምን ምን እንደሚሠራ ብቻ ጻፈ። ኮዱን አይተው የማያውቁ ሌሎች ፕሮግራመሮች ደግሞ ያንን ዝርዝር ይዘው ከባዶ አዲስ ባዮስ ሠሩ። ኮምፓክ ማሽኑን ኅዳር 1982 አስተዋወቀ፤ በመጀመሪያው የሽያጭ ዓመት ከ50 ሺህ በላይ ሸጠ። ብዙ ሌሎችም ተከተሉት። የአንዱ ኩባንያ ካርድ የሌላው ማሽን ላይ መግጠሙ ከዚያ ወዲህ ተለመደ። ዛሬ ከአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ራም ነቅላችሁ ሌላ ስም የተጻፈበት ዴስክቶፕ ላይ ስትሰኩ፣ የዚያን ዘመን ውጤት እየተጠቀማችሁ ነው።

የተቆለፈው ሳጥን

ሁሉም ግን በዚህ መንገድ አልሄደም። በጥር 1984 አፕል ማኪንቶሽን አወጣ። ውብ ማሽን ነበር፤ ማውስን ለብዙ ሰው ያስተዋወቀ። ግን ስሎት የለውም። ሚሞሪው 128 ኪሎባይት ሲሆን ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። ሳጥኑን ለመክፈትም ጫፉ ኮከብ የሚመስል ረጅም ካቻቢቴ ያስፈልጋል። በዚህኛው ክርክር የጆብስ ሐሳብ አሸንፎ ነበር።

የማሽኑን ቦርድ የነደፈው በሬል ስሚዝ ግን አልተመቸውም። ለማስፋፊያ የሚሆን መሰኪያ «ለምርመራ ነው» በሚል ስም ሊያስገባ ሞከረ፤ ተነቃበትና ወጣ። አንድ ነገር ግን አለፈለት፦ ቺፖቹ በትልልቆች ቢተኩ ሚሞሪው 512 ኪሎባይት እንዲሆን መስመሩን አስቀድሞ ዘርግቶ ነበር። 128 ወዲያው ጠበበ። ካውያ መያዝ የሚችሉ ባለቤቶች አሮጌዎቹን ቺፖች እየነቀሉ አዲስ በየዱ። ካውያ የማይችለው ደግሞ መክፈል ነበረበት።

አንድ ደወል ለሁለት በር

ክፍት መሆንም ዋጋ አለው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ የድምፅ ካርድ መጨመር ራስ ምታት ነበር። እያንዳንዱ ካርድ የሲፒዩውን ትኩረት የሚጠራበት ቁጥር አለው፤ ሁለት ካርዶች አንድ ቁጥር ከያዙ ሁለት በሮች አንድ ደወል እንደተጋሩ ቁጠሩት። ደወሉ ይጮኻል፣ የቱ በር እንደሚከፈት አይታወቅም፣ ማሽኑ ድርቅ ይላል። ቁጥሩን ለመቀየር ካርዱ ላይ ያሉትን ጃምፐር የሚባሉ ጥቃቅን መሰኪያዎች በእጅ እያወጡ ማዘዋወር ነበረ።

በነሐሴ 1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ሥራውን ከሰው ተቀብሎ ቁጥሮቹን ራሱ ለማደላደል ሞከረ። «ሰክቶ መጠቀም» ተባለ፤ ቀልደኞች ግን «ሰክቶ መጸለይ» አሉት። ሚያዝያ 1998 ቢል ጌትስ ቺካጎ ውስጥ ዊንዶውስ 98ን ለሕዝብ ሲያሳይ ባልደረባው አንድ ስካነር ሰካ። በትልቁ ስክሪን ላይ ሰማያዊው የስህተት ገጽ ወጣ፤ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ነገሩ ቀስ በቀስ ተስተካክሎ ዛሬ ዩኤስቢ ስንሰካ ቁጥር ምናምን አናስብም።

እንደገና ብየዳ

ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ነገሩ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል። በዚያ ዓመት በወጣው ባለ ሬቲና ስክሪን ማክቡክ ፕሮ ላይ ራሙ ተበይዷል፣ ባትሪው ተለጥፏል። ሌሎች ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖችም ተከተሉ። ምክንያቱ ስስት ብቻ ነው ማለት ግን አይቻልም። ራም ሲፈጥን ምልክቱ የሚጓዝበት መንገድ አጭር መሆን አለበት፤ ስሎት ደግሞ መንገዱን ያረዝማል። ችግሩ ግን ዛሬም መሐንዲሶች የሚሠሩበት እንጂ መፍትሔ የለሽ አይደለም። በ2023 መጨረሻ የሚሞሪ ደረጃዎችን የሚያወጣው ጄዴክ ካም2 የተባለውን አዲስ አሠራር አጸደቀ፤ ቀጭን ሆኖ በብሎን የሚታሰርና የሚፈታ ራም ነው።

ሶፍትዌርም ሊቆልፍ ይችላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ስለዚህ ምንም ያልተበላሸ ማሽን በመስፈርቱ ብቻ «አልፎበታል» ሊባል ይችላል። እንደ እኛ ያገለገለ ኮምፒውተር በሚገዛበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደግነቱ ሊኑክስ እንዲህ ባሉ ብዙ ማሽኖች ላይ ይሠራል፤ ይህም ክፍት በር ነው።

የእናንተ ኮምፒውተር አንድ ቀን ካልነሳ «ሞቷል» ከመባሉ በፊት እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ገመዱን ንቀሉ፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውንም። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ግን አትክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይይዛል። እጃችሁ ላይ ያለው ስታቲክ ቺፕ እንዳይጎዳ የሳጥኑን ብረት ንኩ። ራሙን አውጥታችሁ መልሱት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ላጲስ ከተጠቀማችሁ በስሱ ይሁን፣ ወርቁ በጣም ስስ ነው። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ ሞክሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሁለት ከቀየራችሁ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም።

ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሄዱ ደግሞ ከዋጋው ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ራሙና ዲስኩ ይወጣሉ? ያ የቤታችን ዴስክቶፕ ሁለተኛ ራም ተጨምሮበት፣ ዲስኩም ተቀይሮ፣ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ ሠርቷል። የመጀመሪያ ፕሮግራሜን የጻፍኩት እሱ ላይ ነው።