የጋፋት ሙያተኞችና የንጉሡ ደጅ

ደብረ ታቦር ራስ ጉግሣ ከቆረቆሯት ጀምሮ የደጅ ጠኚ ከተማ ነበረች። ርስቱን የተነጠቀው፣ ሹመት የሚሻው፣ ወንድሙ የታሰረበት ሁሉ በግቢው በር ወራት ይገፋ ነበር። በራስ ዓሊም ሆነ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወደ ላይ የሚያደርሰው መንገድ የታወቀ ነው፦ ደጅ መጥናት፣ አጋፋሪውን መለማመጥ፣ ከባለሟሎቹ አማላጅ መላክ፣ ሲገቡም እጅ መንሻ ይዞ ጎንበስ ማለት። ባዶ እጁን የቀረበ ሰው ደፋር ይባላል። እጅ መንሻው ሹማምንቱ እያዩ ስለሚሰጥ ማንም ጉቦ አይለውም፤ ነውር የሚባለው በስውር ገብቶ በባልንጀራ ላይ ማሳበቅ ነበር።

ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡት ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን በ1850ዎቹ አጋማሽ ሲመጡ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የያዙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ንጉሡ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለገ። በደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት ላይ ተቀመጡ። መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም አልተዋቸውም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፣ ኋላ ተሳካ፤ በቅሎና የክብር ልብስ ተሸለሙ። ከጋፋት ሙያተኞች አንዱ የሆነው ቴዎፍሎስ ቫልድማየር ደግሞ የንጉሡን ወዳጅ የሊቀ መኳስ ጆን ቤልን ልጅ አገባ። ሙያና ዝምድና፣ ለዚያ ቤተ መንግሥት ከዚህ የበለጠ መግቢያ አልነበረም። የወንጌል ሰው ጦር መሣሪያ አንጥሮ የአለቃውን ልብ ማግኘቱ ግን ለአውሮፓ ወዳጆቻቸው ግር የሚል ነገር ነበር።

የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን በሌላ በኩል ተሰናከለ። በ1862 ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፈውን ደብዳቤ ሰጥቶ ወደ ባሕር ላከው። ካሜሮን ደብዳቤውን በሌላ ሰው እጅ አሳልፎ፣ ራሱ በግብፆች ወደተያዘው ወደ ከሰላ ዞረ። ለንደን ላሉት አለቆቹ የንግዱን ሁኔታ መመርመር ሥራው ነበር። ለቴዎድሮስ ግን መልእክተኛ ጠላት ቤት ገብቶ ያለ መልስ ተመለሰ ማለት ነው። ሁለት ጌታ ያለው ሰው የትኛውን አስቀድሞ ማስደሰት እንዳለበት ሁለቱ አገሮች አንድ ዓይነት አያስቡም። ደብዳቤው ለንደን ውስጥ መልስ አጥቶ ተኛ፤ ቆንስሉ በጥር 1864 ታሰረ።

ከእሱ በፊት በጥቅምት 1863 ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን ሊሰናበት ንጉሡ ፊት ቀርቦ ነበር። አገልጋዮቹ ሲደበደቡ እያየ ጣቱን ወደ አፉ ከተተ። እዚህ አገር ጣት የሚነክስ ሰው ይዝታል፤ ስተርንም ተገረፈ።

እስረኞቹን ሊያስፈታ በ1866 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ትዕግሥተኛ ነበር፤ የንግሥቲቱን ደብዳቤ አቀረበ፣ በለዘበ ቃል ተናገረ፣ ንጉሡም ወደደው። ግን ቴዎድሮስ የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች እንዲመጡለት ፍላድን ወደ ለንደን ሲልክ ነገሩ ተበላሸ። ሠራተኞቹ ምጽዋ ደርሰው ቆሙ፤ እስረኞቹ ሳይፈቱ አይሰጡም ተባለ። ሰጥቶ መቀበል በአንዱ ዘንድ ጥንቃቄ ነው፣ በሌላው ዘንድ ንጉሥን በመያዣ ማስገደድ። በዚያው ዓመት ራሳምም ራሱ ታስሮ ወደ መቅደላ አምባ ተወሰደ።

በጋፋት የተሠራው፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በ1867 መገባደጃ በሰው ጉልበት ወደ መቅደላ መጎተት ጀመረ። ቫልድማየር ከሚያዝያ 1868ቱ የመቅደላ ጦርነት ተርፎ ሊባኖስ ገባ፤ በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት አቆመ፣ ቆይቶም ጦር መሣሪያ ማንሣትን ከሚከለክሉት ከኩዌከሮች ማኅበር ተቀላቀለ።