ከአዲስ አበባ ተጠይቆ ከናይሮቢ የሚመለስ ሰዓት

የአገርን ሰዓት የሚወስነው መንግሥት ነው፤ ኮምፒውተር ግን የተወሰነውን የሚያውቀው ሰው ጽፎ ሲነግረው ብቻ ነው። ይህን የሰዓት መዝገብ የመጻፍ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጀመረው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ የነበረው አርተር ዴቪድ ኦልሰን ነው፤ በኋላ የሎስ አንጀለሱ የኮምፒውተር ምሁር ፖል ኤገርት ተረከበው። ሊኑክስ፣ አንድሮይድና አይፎን ዛሬም ሰዓት የሚያሰሉት ከዚሁ መዝገብ ነው። ሳሞአ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2011ን ዘልላ ከሐሙስ በቀጥታ ወደ ቅዳሜ ስትሻገር ለውጡ የሰፈረው እዚሁ ላይ ነው።

ኢትዮጵያን የሚመለከተው ጥቂት መስመር ነው፤ ግን ጉድ አለበት። የአዲስ አበባ የፀሐይ ሰዓት ግሪንዊችን በ2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ይቀድማል ይላል። ቀጥሎ 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ የሚል ሌላ ልዩነት ይመጣና አዲስ ደራ ከተባለ ቦታ ጋር ይያያዛል። ለምን አዲስ ደራ? ኤገርት ራሱ «ምናልባት» ብሎ ነው ያለፈው፤ መረጃው ስህተት ሳይሆን እንደማይቀርም ጽፏል። የተቀዳው ለኮከብ ቆጣሪዎች ከተዘጋጀ አትላስ ነው! የአትላሱ ባለመብት ነኝ ያለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ኦልሰንንና ኤገርትን ከሰሰ፤ መዝገቡም በዚያው ሰሞን የኢንተርኔት አድራሻዎችን ወደሚያስተባብረው አይካን ተዛወረ። ክሱ በቀጣዩ ዓመት ተቋረጠ።

በአማርኛ ሰዓት የሚጠይቅ እንግዳ እንዳይሳሳትም በመዝገቡ ማሳሰቢያ ተጽፏል፦ የኢትዮጵያውያን 8 ሰዓት የፈረንጅ 2 ሰዓት ነው።

እንደ መዝገቡ ከሆነ አገሪቱ ወደ ሙሉ የ3 ሰዓት ልዩነት የገባችው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ባዶሊዮ የጣሊያንን ጦር እየመራ አዲስ አበባ የገባበት ዕለት! ወራሪው በገባ ቀን ሰዓት ለመቀየር ጊዜ አገኘ ማለት ይከብዳል፤ አትላሱን ያዘጋጁት ሰዎች የሚታወቅ ቀን መርጠው ያስቀመጡ ይመስላል።

በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ ሰዓታቸው አንድ የሆነ ቦታዎች በመዝገቡ ይዋሐዱ ተባለ፤ አዲስ አበባም ከናይሮቢ ሥር ገባች፤ የራሷ መስመር ወደ ተጠባባቂ ፋይል ተገፋ። ስለዚህ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው መዲናቸው የገቡበት ቀን፣ በአዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነበር ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሶፍትዌር የሚያሰላው በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ልዩነት ነው። ይህ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው የኬንያ ሰዓት ነው።

መዝገቡ ማስረጃ ከሚያቀርብ ከማንም ሰው እርማት ይቀበላል። የድሮ ቴሌግራም ወይም የምድር ባቡር የጊዜ ሰሌዳ በእጁ ያለ አንባቢ ካለ ለመዝገቡ አዘጋጆች ይላክ።