ቦርድ ያላየው ቁስል

የዛሬው ጽሑፌ ስለ እንቅልፍ ነው። «አገር በዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ እያለች ስለ እንቅልፍ ይጻፋልን?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ መንግሥት ለወታደሩ ካለበት ዕዳ ላይ ያርፋልና።

የዳንግላ ሰው የሆኑ አጎት አሉኝ። በ1980 ዓ.ም.፣ ከአፋቤት ሽንፈት በኋላ፣ በብሔራዊ ውትድርና ተመልምለው ኤርትራ ዘመቱ። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲፈታ በከሰላ በኩል ወደ ሱዳን ከተሻገረው ሠራዊት ጋር ተሻገሩ፤ ከወራት በኋላም በሕይወት ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እጃቸውም እግራቸውም ሙሉ ነበር። በአንድ የመድፍ ድብደባ የምሽጉ ግንድ ፊታቸው ላይ ወድቆ መንጋጋቸውን ሰብሯቸው ነበር፤ እሱም በራሱ ጊዜ ገጠመ። አገጫቸው ጥቂት ወደ ኋላ ከመሸሹ በቀር ምልክት አልተወባቸውም።

በልጅነቴ እሳቸው ቤት ያደርኩባቸውን ሌሊቶች አልረሳቸውም። በኃይል ያንኮራፋሉ፤ ድንገት ደግሞ ጸጥ ይላሉ። ጸጥታው ይረዝማል። እኛ ልጆቹ በጨለማው ውስጥ ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን። ከዚያ ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየር በኃይል ስበው ይባንናሉ። ባለቤታቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው ሌሊቱን ይጠብቋቸዋል። ጎረቤት «ዱካክ ነው» አለ፤ ጠበል ተጠመቁ። ቀን ቀን ደግሞ ዕርፍ እንደጨበጡ፣ የዕድር ስብሰባ ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። «እንቅልፋሙ ወታደር» የሚል ስም ወጣላቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሐኪም ሕመሙን በስሙ እስኪጠራው ድረስ ስሙ ተጣብቆባቸው ኖረ። ሕመሙ በእንቅልፍ ጊዜ የሚደርስ የትንፋሽ መቋረጥ ነው።

በዚያው ሰሞን ሌላ ወሬ ደረሰን። እንጅባራ ያደገ የአክስቴ ልጅ በዲቪ አሜሪካ ገብቶ በዚያ አገር ጦር ውስጥ አገልግሎ ነበር። ከጦሩ ከወጣ በኋላ ይኸው ሕመም እንዳለበት ታወቀ፤ የአሜሪካ መንግሥትም 50 በመቶ የአካል ጉዳት ብሎ መዘገበለትና በየወሩ አበል ቆረጠለት። ወሬውን ለአጎቴ ሳጫውታቸው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «እሱን ማን መሰከረለት?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ስመረምረው ቆይቻለሁ። ይህ ጽሑፍ የምርመራዬ ውጤት ነው።

በመጀመሪያ ከአዊ እንነሣ። ሰባት ቤት አገው የዘማቹን ውለታ የሚረሳ ሕዝብ አይደለም። በ1932 ዓ.ም.፣ ጠላት ገና ከአገር ሳይወጣ፣ የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይሰበሰባል፤ በዓድዋ ዘመቻ የተሰለፉትን አባቶችና ከእነርሱ ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ያስባል። ልብ በሉ! ከ1888 ዓ.ም. ጀምሮ የፈረስ ውለታ እንኳ ያልተረሳበት አገር ነው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ሲወጣ የጎጃም አርበኞች የከፈሉትን መሥዋዕትነትም አረጋውያኑ ሲተርኩት ኖረዋል። የሕዝቡ መዝገብ ቃልና ምስክር ነው።

የመንግሥት መዝገብ ግን ሌላ ነው። በቀደመው ሥርዓት ወታደሩ በደመወዝ ፋንታ ማደሪያ መሬት ይሰጠው ነበር፤ መሬቱም ከአገልግሎቱ ጋር የተሳሰረ ነበር። ከ1933 ድል በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአርበኞችና ለስደተኞች በጋሻ የሚለካ መሬት ሰጡ። ውለታው የሚመለሰው በንጉሡ መልካም ፈቃድ ነበር። በሕግ የተደነገገ መብት ወደ መሆን የተሸጋገረው የመንግሥት አገልጋዮች ጡረታ በ1953 ዓ.ም. በድንጋጌ፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209 ሲቋቋም ነው። ከዚያ ወዲህ ወታደሩ «ስጡኝ» ማለቱን ትቶ «ይገባኛል» ለማለት ቻለ። ይህ በአገራችን የአስተዳደር ታሪክ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ሆኖም «ይገባኛል» የሚል ሰው ማስረጃ ይጠየቃል። በዚያ ዘመን ደግሞ ይህ የእንቅልፍ ሕመም በሕክምናው ዓለም ገና በወጉ አይታወቅም ነበር። የአውሮፓ ሐኪሞች በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቋረጡን በመሣሪያ ቀርጸው ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1965፣ ማለትም አዋጁ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሕመሙ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። አውስትራሊያዊው ኮሊን ሳሊቫን በአፍንጫ በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት የሚያደርገውን መሣሪያ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1981፣ እኛ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ከመነሣታችን አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። ዛሬ ሐኪሞች የሚቆጥሩት እያንዳንዱ መቋረጥ ቢያንስ 10 ሰከንድ የሚዘልቅ ነው፤ በሰዓት 5 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕመም ይባላል፤ 30 ከደረሰ ጽኑ ነው። መንስኤው ብዙ ነው፤ ውፍረት፣ ዕድሜ፣ የጉሮሮ ጥበት። ወደ ኋላ የሸሸ መንጋጋም ከመንስኤዎቹ አንዱ ነው። ሕክምና ካላገኘ የደም ግፊትንና የልብ ሕመምን ያስከትላል።

ወታደሮቻችን ግን አንድ አገላለጽ ነበራቸው፤ «ቦርድ ወጣ» ይላሉ። የሐኪሞች ቦርድ አይቶት ለውትድርና ብቁ አይደለም ብሎ ያሰናበተው ማለት ነው። ቦርድ የሚያየው የሚታየውን ነው፤ የተቆረጠ እግር፣ የጠፋ ዓይን፣ የሽባ እጅ። ሌሊት ብቻ የሚታይን ሕመም ቀን የሚሰበሰብ ቦርድ እንዴት ያየዋል?

ወደ አጎቴ ትውልድ ልመለስ። በ1975 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት የሚጠራ ነበር። የአገልግሎት ጡረታ ደግሞ የረጅም ዘመን አገልጋይ መብት ነው፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 እንኳ ቢያንስ 10 ዓመት ይጠይቅ ነበር። ሠላሳ ወር የዘመተ ገበሬ በአገልግሎት ዘመኑ ሊጦር አይችልም። የሚቀረው በር አንድ ብቻ ነው፤ በግዳጅ ላይ የደረሰ ጉዳት። በዚያ በር ለመግባት ደግሞ ጉዳቱ በግዳጅ ምክንያት እንደደረሰ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ታዲያ ማስረጃው የት ነው? በግንቦት 1983 ዓ.ም. ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚሆን ሠራዊት ተበተነ። በማግሥቱ የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ፤ ለገጠሬው ስንቅ፣ ዘርና በሬ እየሰጠ ወደ እርሻው መለሰው፤ የአካል ጉዳተኞችንም ለይቶ መዘገበ። ያን ያህል ሰው በአጭር ጊዜ ያለ ትርምስ ወደ ቤቱ መመለሱ የሚመሰገን ሥራ ነበር። ነገር ግን በከሰላ በረሃ የተበተነ ሻለቃ የሕክምና መዝገቡን ተሸክሞ አልተሻገረም። የአጎቴ የተሰበረ መንጋጋ የተጻፈበት ወረቀት ቢኖር እንኳ በዚያ ምሽግ ውስጥ ቀርቷል። ከዓመታት በኋላ ጉዳያቸውን ይዘው ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ የተጠየቁት አጭር ጥያቄ ነበር፦ «የጎደለዎት አካል የትኛው ነው?» መልስ አልነበራቸውም፤ ተመለሱ።

የጉዳት ካሣው ምን ያህል እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ በምሳሌ ላስረዳ። በ2003ቱ አዋጅ መሠረት በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት መሥራት ያልተሳነው፣ ነገር ግን ጉዳቱ ከ10 በመቶ ያላነሰ አገልጋይ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ያገኝ ነበር። ስሌቱ የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ወር ተባዝቶ፣ እንደገና በጉዳቱ መጠን የሚባዛ ነበር። ደመወዙ 1,000 ብር፣ ጉዳቱ 30 በመቶ ቢሆን 8,460 ብር ይሆን ነበር። አገር የሚያፈርስ ገንዘብ አይደለም። ጭንቁ ያለው ከገንዘቡ በፊት በሚመጣው ነገር፣ «ጉዳት» ተብሎ በመቆጠሩ ላይ ነው።

አሁን የአጎቴን ጥያቄ ልመልስ። የአክስቴን ልጅ ማን መሰከረለት?

በአሜሪካ ሕግ የትንፋሽ መቋረጥ ሕመም በአራት ደረጃ ተለክቶ ኖሯል፦ ዜሮ፣ 30፣ 50 እና 100 በመቶ። የአየር መግፊያ መሣሪያ የሚያስፈልገው ሰው 50 በመቶ ይሰጠዋል፤ ይህም በወር ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ነው። እዚያም ቢሆን ሕመሙ ከአገልግሎቱ ጋር መያያዙ መረጋገጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 የወጣው ሰፊ ሕግ በጦር ሜዳ ጭስና መርዝ የሚመጡ በርካታ በሽታዎችን ያለ ማስረጃ ከአገልግሎት ጋር የተያያዙ አድርጎ ሲቀበል ይህን ሕመም ከዝርዝሩ ውስጥ አላስገባውም። ልዩነቱ ሦስት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሕግ መዝገቡን ፈልጎ በማግኘት አመልካቹን የመርዳት ግዴታ በመንግሥት ላይ ጥሏል። ሁለተኛ፣ ለማመንም ላለማመንም ማስረጃው እኩል ሲሆን ጥርጣሬው ለወታደሩ ይፈረድለታል። ሦስተኛ፣ አብሮት የዘመተ ጓደኛና አብራው የተኛች ሚስት ያዩትንና የሰሙትን በጽሑፍ ቢመሰክሩ ቃላቸው በማስረጃነት ይመዘናል።

እዚያም ክርክር አለ። ሕመሙ በሕዝቡ ዘንድ የተለመደ ነውና ጦርነት አመጣው ማለት ይከብዳል፤ አቤቱታው በዛ፤ መሣሪያው ላዳነው ሰው ይህን ያህል መክፈል አይገባም የሚሉ አሉ። መሥሪያ ቤቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ መለኪያውን ለማጥበቅ ሐሳብ አቅርቧል። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። እኔም የአጎቴን ሕመም ያ ግንድ ብቻ አመጣው ብዬ ልምል አልችልም። የእኛ ግምጃ ቤትም የአሜሪካ ግምጃ ቤት አይደለም። መሣሪያውም ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይፈልጋል፤ የእኛን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ነገር ግን ከሦስቱ ነገሮች አንዱም ከግምጃ ቤት የሚወጣ አይደለም። መዝገብ ጠብቆ ማቆየት፣ ጥርጣሬን ለዘማቹ መፍረድ፣ ምስክር መስማት፤ እነዚህ የገንዘብ ሳይሆን የፍርድ ጉዳዮች ናቸው። እንዲያውም ምስክር መስማት ከአሜሪካ የምንማረው አይደለም። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ምስክር ተቆጥሮ የሚፈረድበት አገር የእኛው ነው። መንግሥት ብዕር ሲይዝ ነው ይህን የረሳው። መዝገቡን የሚጽፈው እሱ፣ መዝገቡን የጣለው እሱ፣ መዝገብ አምጣ የሚለውም እሱ ሆነ።

ይህን የማነሣው ለአጎቴ ብቻ ብዬ አይደለም። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ የተሃድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ኑሮ ለመመለስ ማቀዱን አስታውቋል። በየወገኑ ተሰልፈው የቆሰሉት ወጣቶች ዛሬ እጅና እግራቸው ሙሉ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ትንፋሻቸውና እንቅልፋቸው ይናገራል። ያን ጊዜ «መዝገብህ የት አለ?» ሊባሉ ነው? ትጥቅ የሚያስረክበውን ሰው አንድ ገጽ ጥያቄ መጠየቅ ዛሬ ይቻላል፦ ጭንቅላትህን ተመትተሃል ወይ? ፊትህ ተሰብሮ ያውቃል ወይ? ሌሊት ትተኛለህ ወይ? አብሮህ የነበረው ማን ነው? ይህ ወረቀት ዛሬ ርካሽ ነው፤ ነገ በምንም ዋጋ አይገኝም።

አያቴ በሕይወት ሳሉ «ሲሄድ እንደ ሕፃን ነበር የሚተኛው፤ ሲመለስ ነው እንዲህ የሆነው» ይሉ ነበር። ከዘመቻው በፊትና በኋላ የነበረውን እንቅልፍ የሚያውቁ ብቸኛ ምስክር እሳቸው ነበሩ፤ ቃላቸውን ማንም ሳይጽፈው አረፉ። የቀሩት የአጎቴ ባለቤት ናቸው። በቅርቡ ዳንግላ ሄጄ ስጠይቃቸው እጃቸውን በሌሊት ደረታቸው ላይ እንደሚያደርጉት አድርገው አሳዩኝና «እኔ የምቆጥረው በልቤ ነው ልጄ፤ ሃያ ድረስ ከቆጠርኩ እቀሰቅሰዋለሁ» አሉኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በየሌሊቱ የተያዘ መዝገብ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ የተወጋው ሲተኛ ደግሞ የምታስታውስለት አለች።

አጎቴ ሆይ፣ ለጥያቄዎ መልስ ይኸው፦ የአክስቴን ልጅ የመሰከረለት እንደ እርስዎ ባለቤት ያለ ሰው ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ የሚሰማ ጆሮ መኖሩ ነው።

ቸር ያሰማን።