ሌክቸሩ ወደ ቤት፣ የቤት ሥራው ወደ ክፍል

ኬሚስትሪ በዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው በአንድ መንገድ ነበር፤ መምህሩ ያስረዳል፣ አንዳንዴም ሙከራ ሠርቶ ያሳያል፣ ተማሪው ይጽፋል። ይህን ልማድ ካናጉት ቀደምቶች አንዱ ጀርመናዊው ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ገና በ21 ዓመቱ ጊሰን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ በቀድሞ የወታደሮች ጥበቃ ቤት ላቦራቶሪ አቋቁሞ ተማሪዎቹን ራሳቸው እንዲመዝኑና እንዲያቃጥሉ አደረገ። የጊሰን አሠራር ወደ ብዙ አገር ተዛመተ። ሆኖም የተለወጠው ላቦራቶሪው ነው፤ ሌክቸሩን የነካው አልነበረም።

ሌክቸሩ ራሱ ለጥያቄ የቀረበው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ቀመር አሳምረው የሚሠሩ ተማሪዎች በቀላል የጽንሰ ሐሳብ ጥያቄ ሲሰናከሉ አየና፣ ከ1991 ጀምሮ ንባቡን ከክፍል በፊት አድርጎ የክፍሉን ሰዓት ለጥያቄና ለክርክር አዋለው። በ2000 ደግሞ በኦሃዮው ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሦስት የኢኮኖሚክስ መምህራን ተመሳሳይ አሠራር በጽሑፍ አቀረቡ።

ዘዴውን በስፋት ያስተዋወቁት ግን የኮሌጅ ሰዎች ሳይሆኑ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ መምህራን መሆናቸው ይገርማል። ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ በኮሎራዶ ግዛት፣ ዉድላንድ ፓርክ በምትባል ትንሽ ከተማ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎች ለስፖርት ውድድር ሩቅ ስለሚጓዙ ትምህርት ያመልጣቸው ነበር። መምህራኑ በ2007 ትምህርታቸውን መቅዳት ጀመሩ፤ ቪዲዮውን ያልቀሩትም ተማሪዎች ፈለጉት። ማብራሪያው በቤት ከታየ ክፍሉ ለምን ለልምምድ አይውልም? መጽሐፋቸው በ2012 ሲወጣ ዘዴው ወደ ኮሌጆች የኬሚስትሪ ክፍሎችም እየዘለቀ ነበር።

ኬሚስትሪ ለዚህ የሚመችበት ምክንያት አለው። 4 ሞል ሃይድሮጅንና 3 ሞል ኦክስጅን ውሃ ለመሥራት ቢዋሃዱ ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው ነው? ቪዲዮውን በደንብ ያየ ተማሪ እንኳ ቁጥሩ ስላነሰ ብቻ «ኦክስጅን» ይላል። ለአንድ ሞል ኦክስጅን ሁለት ሞል ሃይድሮጅን ስለሚያስፈልግ የሚያልቀው ሃይድሮጅን ነው፤ 4 ሞል ውሃ ይገኛል፣ 1 ሞል ኦክስጅን ይተርፋል። ተማሪው እንዲህ ያለውን ስህተት በቤቱ ብቻውን ከሠራው ታርሞ የሚመለሰው ከቀናት በኋላ ነው፤ በክፍል ከሠራው ግን ጓደኛው እዚያው ይከራከረዋል፣ መምህሩም ይሰማል።

ችግሩ ሳያይ የሚመጣው ተማሪ ነው። ቪዲዮውን ያላየ ሰው በቡድን ሥራ ላይ ተመልካች ይሆናል፤ መምህሩ ለእሱ ብሎ እንደገና ማስረዳት ከጀመረ ደግሞ አይተው የመጡት ይሰለቻሉ፣ ለሚቀጥለውም ሳያዩ መምጣት ይለምዳሉ። ለዚህ ነው በርካታ መምህራን ቪዲዮውን አጭር አድርገው፣ ከክፍል በፊት የሚሞላና ነጥብ ያለው አነስተኛ ፈተና የሚያያይዙት።