እንኳን ማርያም ማረችሽ

ዘንድሮ የማኅበራችንን ወጪ በምንገመግምበት ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ጥያቄ አነሣች። በጤና ጣቢያው ለሚገኘው የእናቶች ማቆያ የምንገዛው የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤና ቡና ከጤና ጋር ምን አገናኘው? የሚል ነበር። የለጋሾች ገንዘብ ስለሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው። እኔም እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ደረሰኙን አሳየሁ። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን እናቶቻችን እንዴት ይወልዱ እንደነበር ማንሣት ያስፈልጋል።

እናቴ እኔን የወለደችው ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ከአንኮበር ብዙም በማይርቅ ገጠር፣ በአያቴ ቤት ነው። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል። ደብረ ብርሃን ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በዚያን ጊዜ ለአንዲት ምጥ የያዛት ሴት እጅግ ሩቅ ነበር። እሷ ግን ስለዚያች ሌሊት ስታወራ ፊቷ ይበራል። አያቴ እሳት አነደደች፤ የሰፈሩ ሴቶች ተሰበሰቡ። አንዷ ከኋላ ደግፋ ያዘቻት፣ አንዷ ወገቧን አሸችላት፣ የቀሩት «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይለምናሉ። አዋላጇ የመንደሩን ግማሽ ሕዝብ በእጃቸው የተቀበሉ ባልቴት ነበሩ። «እንዲህ ሁኚ ብሎ ያስጨነቀኝ የለም፤ እንደተመቸኝ ተንበርክኬ ወለድኩሽ» ትላለች።

ጎህ ሲቀድ እልልታው ሦስት ጊዜ ተሰማ። ወንድ ብሆን ኖሮ ሰባት ነበር፤ ይህ ሒሳብ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ወዲያው ገንፎ ተገነፋ፤ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ተደረገበት፤ ሴቶቹም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ቀመሱ። እስከ ክርስትናዬ ድረስ፣ 80 ቀን ሙሉ፣ እናቴ ከባድ ሥራ አልነካችም። ጎረቤቶች በየተራ አጥሚት ያመጡላት፣ ውኃ ይቀዱላት ነበር። እትብቴም የተቀበረው እዚያው ጓሮ ነው።

በቤት መውለድ የድሀ ብቻ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ሲወለዱ በሸዋ የማዋለጃ ሆስፒታል የሚባል አልነበረም። እናታቸው እጅጋየሁ በቤተ መንግሥቱ ያገለግሉ የነበሩ ሴት ናቸው። የመሳፍንቱም የአገልጋዩም ልጅ በቤት፣ በልምድ አዋላጅ እጅ ይወለድ ነበር። አደጋውም ሰው አይመርጥም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በእንግሊዝ አገር ነርስነት የተማሩ ነበሩ። እሳቸውም በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በወጣትነታቸው ዐረፉ። በአዲስ አበባ በስማቸው ሆስፒታል ተሠራ።

እናቴም ታሪኳን ስትጨርስ ሁልጊዜ አንዲት ጎረቤቷን ታነሣለች። በዚያው ክረምት፣ ከእሷ ሁለት ወር ዘግይታ ምጥ ያዛት። ሦስተኛው ቀን ላይ በወሳንሳ ተሸክመው ሲወስዷት በጭቃው መንገድ ላይ ሞተች። ያዋልዷት የነበሩት ያው ባልቴት፣ የሚለምኑላትም ያው ሴቶች ነበሩ። የጎደለው ደም የሚሰጥና ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ ሰው ነበር። እናቴ «እኔ ደኅና የወለድኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም» ትላለች።

በደርግ ዘመን መንግሥት የልምድ አዋላጆችን ያሠለጥን ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ገቡ፤ ምክራቸውም ወደ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ውለዱ ሆነ። ሆኖም ቁጥሩ ቶሎ አልጨመረም። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ1992 ዓ.ም. ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተካሄዱት 5 ብቻ ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. 10፣ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች በ1992 ዓ.ም. 871 የነበሩ ሲሆን በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርደዋል።

ሴቶቹ ለምን ዘገዩ? መንገዱና አምቡላንሱ አንድ ነገር ነው። ሌላው እናቴ ያላትን ነገር ማጣታቸው ነው። ብቻሽን ግቢ፣ እናትሽ ውጭ ትጠብቅ፣ በጀርባሽ ተኚ ይባላሉ፤ ክፍሉ ብርድ ነው፤ የሚያዋልደው የማያውቁት ወንድ ነው፤ ሲወልዱም ገንፎ የለም። «ያላዋቂዎች ናቸው» እያልን የተናገርንባቸው እናቶች የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር። በኋላ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ቤተሰብ ማስገባት፣ ቡና ማፍላትና ገንፎ ማገንፋት ሲፈቀድ፣ ሩቅ ላሉትም ማቆያ ሲዘጋጅ፣ ብዙዎች መምጣት ጀመሩ።

ባለፈው ወር ወደ ማቆያው ሄጄ ነበር። ሦስት ነፍሰ ጡሮች ምድጃውን ከበው ተቀምጠዋል፤ የአንደኛዋ እናት ድስቱን ያማስላሉ። በመስኮቱ በኩል አምቡላንሱ ቆሞ ይታያል። የዱቄቱና የቅቤው ወጪ ለሚቀጥለው ዓመትም በረቂቅ በጀቱ ውስጥ ተይዟል፤ ለጠቅላላ ጉባኤው ሲቀርብ እናቴንም ይዣት እመጣለሁ።