የወንዶች የሥራ ቁጥር ሲነገረን ምኑን እንይ?

«ሥራ አጥነት ቀነሰ» የሚል ዜና በወጣ ቁጥር አንዱ «ታዲያ ሥራው የታለ?» ይላል፣ ሌላው ቁጥሩ የተፈበረከ ነው ብሎ ይደመድማል። እኛ እንደምናየው ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ ቁጥሩ ሳይሆን የትኛው ቁጥር እንደሆነ አለመነገሩ ነው። ዛሬ የወንዶችን እንይ።

100 ወንዶች ያሉበት አንድ ሰፈር አለ እንበል። 60ው ይሠራሉ፣ 10ሩ ሥራ እየፈለጉ ነው፣ 30ው ደግሞ ተማሪ፣ ጡረተኛ፣ ሕመምተኛ ወይም ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው። የሥራ አጥነት ምጣኔ የሚሰላው ከ100 አይደለም፤ ከሚሠሩትና ከሚፈልጉት ድምር ከ70ው ነው። ስለዚህ 14.3 በመቶ ይሆናል። አሁን ከፈላጊዎቹ 5ቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም ሰልችቷቸው ቤት ቢገቡስ? ሥራ አጥነቱ ወደ 7.7 በመቶ ይወርዳል። አንድም ሰው አልተቀጠረም እኮ! ከጠቅላላው ወንድ ምን ያህሉ ይሠራል የሚለው ቁጥር ግን እዚያው 60 በመቶ ላይ ነው። ባለሙያዎች የሥራ ስምሪት ምጣኔ የሚሉት ይሄንን ነው፤ በተስፋ መቁረጥ አይታለልም።

የአሜሪካው ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 54 ከሆነ ወንዶች 97 በመቶ ያህሉ ወይ ይሠሩ ወይ ሥራ ይፈልጉ ነበር። አሁን 89 በመቶ አካባቢ ነው። በጥር 2023 የአገሪቱ ሥራ አጥነት 3.4 በመቶ ደርሶ ከ1969 ወዲህ ዝቅተኛው ሲባል፣ ሥራም የሌላቸው የማይፈልጉም ሚሊዮኖች ከዚያ ስሌት ውጪ ነበሩ።

ለምን ወንዶችን ለይቶ ማየት አስፈለገ? በየአገሩ ወንዶች በብዛት የሚሠሩት ግንባታና ፋብሪካ ላይ ስለሆነ ነው። ገንዘብ ሲጠፋ ቀድሞ የሚቆመው ሳይቱ ነው፤ ግንበኛው፣ ፌሮ አሳሪው፣ የቀን ሠራተኛው በአንድ ሳምንት ይበተናል። በ2008ቱ የዓለም ቀውስ አሜሪካ ውስጥ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች በብዛት ሥራ ያጡት በዚህ ምክንያት ነበር። በ2020 በኮቪድ ወቅት ደግሞ ምግብ ቤትና መስተንግዶ ስለተዘጋ ከባዱን ዱላ የቀመሱት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የወንዶቹ ቁጥር አንድን የኢኮኖሚ ክፍል ቀድሞ ይጠቁማል እንጂ ሁሉንም አይወክልም። የኛው አገር የ2010 ዓ.ም. የከተሞች ጥናት ይህን ያሳያል፦ ጠቅላላው ሥራ አጥነት 19.1 በመቶ ሲሆን የወንዶች 12.2፣ የሴቶች 26.4 በመቶ ነበር። የወንዶቹን ብቻ ያየ ሰው የከተማውን ችግር ግማሹን አላየም።

ወደ ኢትዮጵያ ከመጣን አይቀር፣ አንድ ልዩነት አለ። የኛ ጥናቶች ሥራ መፈለግን እንደ ግዴታ አይቆጥሩም። ሥራ ቢገኝ ለመሥራት ዝግጁ የሆነ ሰው ፍለጋ ቢያቆምም ሥራ አጥ ተብሎ ይመዘገባል። ሥራ እንደልብ በማይገኝበት አገር ይሄ ተገቢ ነው ባዮች ነን፤ ነገር ግን ፍለጋን ግዴታ ከሚያደርግ አገር ቁጥር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ «እኛ እንብሳለን፣ እነሱ ይሻላሉ» ማለት አይቻልም።

በሌላ በኩል «ሠራተኛ» የሚለው ቃል ራሱ ሰፊ ነው። በዓለም አቀፉ መለኪያ በሳምንቱ ውስጥ ለ1 ሰዓት ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው ሥራ አለው። ሰኞ ጠዋት ሲሚንቶ አራግፎ ሳምንቱን ሙሉ የተቀመጠ ልጅም፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁም እኩል «1» ናቸው። የ2013 ዓ.ም. አገር አቀፍ ጥናት ሥራ አጥነትን 8 በመቶ ሲል ብዙ ሰው የሳቀው ለዚህ ይመስለናል። ገጠሩ ሲገባ ቁጥሩ ይወርዳል፤ መሬቱ ጠበበም ሰፋም፣ አባቱን የሚያግዝ ወጣት ሥራ ፈት አይባልማ። በጦርነቱ ምክንያት ትግራይም በዚያ ጥናት አልተካተተችም።

የዕድሜ ወሰኑንም እዩ። የከተሞቹ ጥናት 10 ዓመት ከሞላው ልጅ ጀምሮ ይቆጥራል፣ ብዙ አገሮች ግን ከ15። ደብተር ይዞ የሚሄድ የ11 ዓመት ልጅ አካፋዩ ውስጥ ስለሚገባ የስምሪት ምጣኔውን ወደ ታች ይጎትተዋል።

ደግሞ እነዚህ ጥናቶች የሚካሄዱት ቤት ለቤት ነው። ቤት አልባዎችና በጋራ መኖሪያ ተቋማት ያሉ ሰዎች አይካተቱም። ቀን ሊስትሮ ሲሠራ ውሎ ማታ በረንዳ የሚያድረው ልጅ ከሠራተኛውም ከሥራ አጡም መዝገብ የለም።